«ከዚያስ?» ማለትን የተማርኩበት ሥራ

በመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ከመጀመሪያው ዓመት እስከ ዘንድሮ «የቤት ሠራተኛ» ይላል። እኔ ግን ቤይሩት ውስጥ በሰው ቤት የሠራሁት ስድስት ዓመት ብቻ ነው። የቀረውን ዘመኔን ያሳለፍኩት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ በጽዳት፣ ቀጥሎ በሴቶች ዶርም አንሶላ ክፍል፣ በኋላ ደግሞ አዲስ ተማሪዎችን የሚቀበሉ ነባር ተማሪዎችን በማሠልጠን። ይህን የመጨረሻውን ሲሰሙ እሑድ እሑድ ዶራ ሰፈር የምንገናኝ ጓደኞቼ «ፕሮፌሰር አስካለ» እያሉ ይስቁብኛል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም አንዳንዴ ሳቄ ይመጣል።

ዘንድሮ ጉልበቴ «ኸላስ፣ በቃኝ» አለ። የዩኒቨርሲቲው ደረጃም ለአሮጊት አይራራም። በሚቀጥለው ወር አገሬ እገባለሁ። የጡረታ ደብተር የለኝም፤ ደመወዜም ሊራው ሲወርድ አብሮ ስለወረደ ስለ እሱ የማወራው የለም። ለመጻፍ የተቀመጥኩት ምስጋናዬን ሳልናገር እንዳልሄድ ነው። ምስጋና ብቻ ግን አይደለም። አንዲት ልጅ እኔ በተናገርኩት አንድ ቃል ምክንያት ትምህርቷን አጥታለች። እሷን ዘልዬ ሌላውን ባወራ እግዜሩም አይወደው።

የመጀመሪያዋ ማዳሜ ክፉ ሴት አልነበሩም። አሽራፊዬ በሚባለው ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። በገባሁበት ቀን ሽርጥ ሰጡኝና «ሱዚ» ብለው ጠሩኝ። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ስሟ ሱዚ ነበር አሉ፤ ስሙን ከነሽርጡ ወረስኩት። ስድስት ዓመት ሱዚ ሆንኩ። እናቴ ስትደውል «አስካለ» ብላ ስትጠራኝ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ሰው የፈለገች ይመስለኝ ነበር።

ማዳሜ ሲሞቱ ለለቅሶ ከመጡት መካከል የእህታቸው ልጅ ሲት ናዲያ ነበሩ፤ «ሲት» እመቤት እንደ ማለት ነው። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን ጸጉራቸው ላይ ሰክተው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሴት። በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ ነበሩ። ሳህን እያጠብኩ ወጥ ቤት ገብተው ስሜን ጠየቁኝ።

«ሱዚ» አልኳቸው።

«እሱን አይደለም። እናትሽ ያወጣችልሽን ነው የጠየቅኩሽ» አሉ።

«አስካለ።»

አንድ ጊዜ አሉት፣ ሳቱት። ሁለተኛ አሉት። በሦስተኛው እናቴ እንደምትለው አሉት። ከዚያ ወዲያ በሕይወታቸው ተሳስተው ሌላ አልጠሩኝም። የመኖሪያ ፈቃዴን እንደ ቤት ሠራተኛቸው ወደ ራሳቸው አዙረው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በጽዳት ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ውለታቸውን ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ ግን ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ለዚያ ለሦስት ጊዜው ነው።

ለአሠልጣኝነት የተመረጥኩት ከመጸዳጃ ቤት ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር። በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ነባር ተማሪዎች ብርቱካናማ ካናቴራ ለብሰው፣ ዳርቡካ የሚሉትን ከበሮ እየመቱ፣ ድምፅ ማጉያ ተክለው አዲሶቹን በር ላይ ይቀበላሉ። ተቀባዮች ይባላሉ። ጭፈራው ደስ ይላል፣ ለሚጨፍረው። ከገጠር የመጣ ልጅ ግን ከዚያ ሁሉ ጫጫታ የሚሸሸግበት አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ያንን ቦታ የማጸዳው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ማን እያለቀሰ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በግቢው አልነበረም።

አንድ ዓመት በዚያ ቀን ከደቡብ የመጣች አንዲት ልጅ በሩን ቆልፋ አልወጣም አለች። አላባበልኳትም። «እባክሽ ይህን ባልዲ ያዢልኝ፣ እጄ ሞልቷል» አልኳት። ወጥታ ያዘችልኝ። ባልዲ የያዘ ሰው ማልቀስ አይመቸውም። ትንሽ ቆይታ የት አገር ሰው እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ እኔም እሷን ጠየቅኳት። ሲት ናዲያ ልጅቷን ፍለጋ ሲመጡ ሁለታችን በተገለበጡ ባልዲዎች ላይ ተቀምጠን ስለ እናቶቻችን እናወራለን።

«ምን ብለሻት ነው የወጣችው?» አሉኝ በኋላ።

«ምንም አላልኳትም። ሥራ ሰጠኋት።»

መነጽራቸውን ከጸጉራቸው አወረዱና አዩኝ። «ሐሙስ ተቀባዮቹን አሠለጥናለሁ። መጥተሽ ይህንኑ ንገሪያቸው» አሉ።

ሐሙስ ዩኒፎርሜን ተኩሼ ሄድኩ። ሃያ የሚሆኑ ሽቶ የሚሸቱ ልጆች ተቀምጠዋል። አንዱ «አንቺም ስትመጪ ፈርተሽ ነበር?» አለኝ። እኛ ሀበሾች «አዎ» ስንል አንዳንዴ አየር ወደ ውስጥ ስበን ነው። እኔም እንደ ልማዴ «አህ» ብዬ ሳብኩ። ልጆቹ ልቤ የቆመ መስሏቸው ሁለቱ ወንበር፣ አንዷ ውኃ ይዘው ተነሡ። «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ አዎ ማለቴ ነው!» ብል ጊዜ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው ተቀባዮች በሙሉ አዎ ሲሉ አየር ይስባሉ። ለሊባኖስ ያበረከትኩት አስተዋፅኦ ይኸው ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን ሲት ናዲያ ናቸው፤ ያስተማሩኝም በንግግር አይደለም። አንድ አሮጌ ቡናማ ሻንጣ ነበራቸው። አዲስ ተማሪዎች ከመምጣታቸው በፊት ባለው ቀን ወፍራም ወፍራም መጽሐፍ ሞልተውበት ከዋናው በር ተነሥተው እየጎተቱ ግቢውን ሁሉ ይዞራሉ። እኔ ልርዳዎት ስላቸው «ተይ፣ ሻንጣው እኔን እያስተማረኝ ነው» ይሉኛል። እውነትም ያስተምራል። የትኛው ደረጃ መደገፊያ እንደሌለው፣ የትኛው ምልክት ዘንድሮ በዛፍ እንደተሸፈነ፣ ጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋና ሊፍት ውስጥ ማን ታግቶ እንደሚቀር ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው አያውቅም። በኋላ ተቀባይ መሆን የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ያንን ሻንጣ እንዲጎትት አደረግን። የሀብታም ልጆች ደረጃው ወገብ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ሲለወጥ ማየት፣ ይቅር ይበለኝና፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ቢሯቸው ውስጥ ካሉት ወንበሮች ዝቅተኛው የሳቸው ነው። መንገድ ለጠየቃቸው በጣት አያመለክቱም፤ ተነሥተው አብረው ይሄዳሉ። «ገባሽ?» ብለው አይጠይቁም፤ ገባሽ የተባለ ሁሉ ገባኝ ስለሚል። «እሺ፣ አሁን ከዚህ ስትወጪ ወዴት ነው የምትታጠፊው?» ይላሉ። ልጅቷ ካልመለሰች አልገባትም ማለት ነው፤ ሳያሳፍሯት እንደገና ይጀምራሉ። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ቀዳሁ፤ በላዩም ባልዲዬንና የስሙን ሦስት ጊዜ ጨመርኩ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሲት ናዲያ ሥልጠናውን ግማሽ ለግማሽ ለእኔ ለቀቁልኝ። ልጆቹ «ታንት አስካለ»፣ አክስት አስካለ፣ ይሉኝ ጀመር። ኮራሁ፤ አልዋሽም። ታሞ የተነሣ እግዜርን ረሳ እንደሚባለው፣ እኔም እንግድነት ምን እንደሚመስል የምረሳበት ዘመን እየመጣ ነበር።

ሜሮን የመጣችው ያን ጊዜ ነው።

የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። በትምህርቷ ተወዳድራ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ መጣች። ሲት ናዲያ ስሟን ከዝርዝሩ ላይ ሲያዩ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። «አስካለ፣ ለዚች ልጅ ሌላ ተቀባይ አልመድብም። አንቺ ነሽ ተቀባይዋ» አሉኝ። የዕድሉ ደንብ ከባድ እንደሆነም ነገሩኝ፤ ከተወሰነ በላይ ከክፍል ከቀረች ወይም ፈተና ካመለጣት ዕድሉ ይሰረዝና ትመለሳለች። ሜሮንን ሳያት የራሴ ልጅ የመጣች መሰለኝ። አንሶላ ክፍል ወስጄ ደህናውን ብርድ ልብስ መርጬ ሰጠኋት።

በሦስተኛው ቀን መጣች። ዶርሙ ከግቢው ውጪ ነው፤ መንገድ ተሻግረው በዋናው በር ነው ወደ ክፍል የሚገቡት። ጥበቃው አስቁሞ «ወይን ማዳም?» አላት፤ ማዳምሽ የት አለች ማለቱ ነው። ሐበሻ ሴት ያለ ማዳም በዚያ በር ስታልፍ አይቶ አያውቅም።

«ተማሪ ነኝ ብለው አልሰማኝም፣ እትዬ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኝ ነበር» አለችኝ።

አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። ማጠፌን አላቆምኩም። «ቻይው የኔ ልጅ፣ ያልፋል» አልኳት።

ይህን ቃል የማታውቅ ሐበሻ ቤይሩት ውስጥ የለችም። ማዳሟ ስልኳን የቀማቻት ስትደውል ቻይው እንላታለን። ሐዝሚዬ ባለው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ተሰልፋ የምታለቅሰውን ቻይው እንላታለን። እኔንም የዛሬ ስንት ዓመት ቻይው ብለውኛል፤ ቻልኩትም። ክፉ ቃል አይመስለኝም ነበር። ያለን እሱ ስለነበረ እሱን እንሰጣለን።

ሜሮን አየር ስባ «እሺ» አለችና ሄደች።

በሳምንቱ እንደገና መጣች። ዶርም ኮሪደር ላይ አንዲት ተማሪ የቆሻሻ ከረጢት አቀብላታለች፤ ጽዳት መስላት። ሜሮን ደግሞ ይዛ ወርዳ ጥላላታለች። «ለምን እንደያዝኩላት አላውቅም፣ እትዬ» አለች፤ እጇን ታየው ነበር።

«ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ልጅቷም ሳታውቅ ነው። ቻይው፤ ሆድ ይፍጀው» አልኳት።

ሦስተኛ ጊዜ የመጣችው አንድ ጠዋት ነው፤ በሩ ላይ ቆመች። «ምነው?» ስላት «ምንም፣ እንዲሁ ነው» አለች። ትንሽ ቆማ ሄደች። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በዚያው ቀን ሲት ናዲያ ስለ እሷ ሲጠይቁኝ አፌን ሞልቼ «ደህና ናት፤ ጠንካራ ልጅ ናት» አልኩ።

አንድ ወር ተኩል እንዳለፈ ሲት ናዲያ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ደብዳቤ ነበር። ሜሮን የጠዋቱን ክፍል ከተፈቀደው በላይ ቀርታለች፤ አንድ ፈተናም አምልጧታል። ዕድሉ ተሰርዟል።

«አስካለ፣ ይህች ልጅ በየትኛው በር ነው የምትገባው?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ተቀባይዋ እኔ ነኝ፤ በየትኛው በር እንደምትገባ አላውቅም።

ሜሮንን ጠርተን አስቀመጥናት። ስትናገር ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። ከቆሻሻው ቀን በኋላ በዋናው በር ማለፍ አስጠልቷታል። በኋላው በር መግባት ጀመረች። ያ በር እኛ ጽዳቶች በማለዳ የምንገባበት ነው፤ ከዚያ ይዘጋና በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃ ጫኝ መኪናዎች ሲመጡ ይከፈታል። ከጽዳቶቹ ጋር በማለዳ ብትገባ ያው ያሏትን መሆኗ ነው፤ እሱን እምቢ አለች። መኪናዎቹን ትጠብቃለች። ትምህርት የሚጀምረው ግን በሁለት ሰዓት ነው። በፈተናው ቀን እንደምንም ብላ ወደ ዋናው በር ሄደች፤ ያው ጥበቃ መታወቂያዋን እያገላበጠ አቆማት፤ ገብታ ስትደርስ የፈተናው ክፍል ተዘግቷል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ይህን መጠየቄ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«ሁለት ጊዜ ነገርኩዎት። ሦስተኛውን ልነግርዎት መጥቼ ነበር፤ ከዚያ ከፈተናው በር ነበር የመጣሁት» አለች። ቀጥላም በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ፣ «‹ከዚያስ?› ይሉኛል ብዬ ነበር፣ እትዬ። ‹ቻይው› አሉኝ» አለች።

እኔ ያን የኋላ በር ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ፤ ለምን በዚህ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ችዬዋለሁ። የቻልኩት ነገር ሌላ ሰው ላይ ሲደርስ ማየት አቅቶኝ ነበር።

ሲት ናዲያ ያልጻፉት ደብዳቤ፣ ያላንኳኩት በር የለም። እኔም ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ በስሜ፣ በአስካለ፣ ፈረምኩ። ደንቡ ደንብ ነው ተባለ። ሜሮንን አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ስትለየኝ ጉንጬን ስማ «አልተቀየምኩዎትም» አለችኝ። ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሥልጠና ስጠራ አመመኝ እያልኩ ቀረሁ። አንድ ቀን ሲት ናዲያ ራሳቸው አንሶላ ክፍል መጡ፤ ሻንጣውን እየጎተቱ። ማሌሽ አላሉኝም። ያልፋልም አላሉኝም። ዝቅተኛ ነገር ፈልገው አጡና በተጣጠፈው ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጠው «ንገሪኝ» አሉ። ነገርኳቸው። ስጨርስ ሻንጣውን ወደ እኔ ገፉት። «ይህ ካሁን በኋላ ያንቺ ነው። ሐሙስ ለልጆቹ ጥፋትሽን እንደሆነው ትነግሪያቸዋለሽ። ከዛሬ ጀምሮም በዋናው በር ግቢ» አሉኝ።

ከመናገሬ በፊት ሜሮንን ፈቃዷን ጠየቅኳት። የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ይንገሯቸው። ስሜንም ይጥሩት፤ ሦስት ጊዜ ያስብሏቸው» አለች።

እንዲህ ሆኖ ያ ታሪክ የሥልጠናው የሦስተኛ ቀን ትምህርት ሆነ። ጥበቃዎቹም አብረው እንዲቀመጡ ሲት ናዲያ ተከራክረው አስፈቀዱ። ያን ጊዜ ሜሮንን ያስቆማት ጥበቃ ታሪኩን ሲሰማ ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገና እስከ መጨረሻው አቀርቅሮ ሰማ። በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአዲስ ተማሪ ስም ሦስት ጊዜ ሳይል የሚያሳልፈው አልነበረም።

ሕጋችን አንድ ሆነ። አዲስ ተማሪ የሚያመውን ነገር ሲነግርህ «ማሌሽ» አትልም። ለሊባኖስ ልጆች ይህ ምግብ ተው እንደ ማለት ነው፤ ማሌሽ ሳይሉ መንገድ አይሻገሩም። በምትኩ «ወባዕዴን?» ትላለህና ትጠብቃለህ። ከዚያስ ማለት ነው። ይህም የራሱ ጣጣ ነበረው። ቤይሩት ውስጥ እናት ልጇ ሲያስቸግራት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ወባዕዴን!» ትለዋለች፤ በቃህ፣ አሁን እመጣልሃለሁ ለማለት። የመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች እንደ እናቶቻቸው ሲሉት አዲሶቹ ተማሪዎች ደንግጠው ዝም አሉ። ስለዚህ ቃሉን ዝቅ አድርጎ ማለት ስናለማመድ ከሰዓት በኋላው ያልቅ ነበር። ሃያ ልጅ በየጥግ ተቀምጦ እርስ በርሱ በለሆሳስ «ወባዕዴን?» ሲባባል ያየ ሰው ጸሎት ላይ ነን ይል ነበር።

ብዙ ሰው ተረፈበት። ስማቸውን አልጽፍም፤ የነገሩኝ ለእኔ ነው። ሜሮንም አገሯ እንደገና ከአንደኛ ዓመት ጀምራ ተምራ ጨረሰች፤ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ያጣችው ዓመት ግን ተመልሶ አልመጣላትም። በየበዓሉ እንደዋወላለን። ሲት ናዲያም ጡረታ ወጥተው ተራራ ላይ ያለው የአባታቸው ቤት ገብተዋል፤ ስደውልላቸው መነጽራቸውን እየፈለጉ ነው የሚያነሡት።

አሁን ያለፈው ሳምንት ላይ ልድረስ።

የመጨረሻዬ ሥልጠና ነበር። የሻንጣው ጎማ ተሰብሮ ስለነበር ዶራ አንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ አሠርቼው በቫን መጣሁ። ከሞሉበት መጻሕፍት ጋር እየጎተትኩ ዋናው በር ስደርስ አዲስ ጥበቃ ቆሟል። ወጣት ነው፣ ሥራ ከጀመረ ሳምንትም አልሞላውም፤ ሥልጠናውን ገና አልወሰደም።

ሻንጣዬን አየ፣ እኔን አየ። «ወይን ማዳም?» አለኝ። ሳልመልስለት በእጁ ወደ ታች አመለከተ። «የሠራተኞች በር ከኋላ ነው፣ ሐጄ» አለኝ፤ እማማ እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጀግንነት ብጽፍ ደስ ባለኝ። ከአሥር ዓመት በላይ ሰው ያሠለጠንኩ ሴት ነኝ። መታወቂያዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ግን አፌ ቀደመኝ። «ማሌሽ» አልኩት፤ ሻንጣዬንም አዙሬ ወደ ኋላው በር መሄድ ጀመርኩ።

ሪም ያየችኝ ያኔ ነው። ሪም የበቃዓ ገጠር ልጅ ናት፤ ከሦስት ዓመት በፊት ስትመጣ በአነጋገሯ ሲስቁባት በባልዲዬ ላይ ከተቀመጡት አንዷ ነበረች። ዛሬ የተቀባዮቹ መሪ ናት። እየሮጠች መጥታ ከፊቴ ቆመች።

«ታንት አስካለ፣ ወዴት ነው? ምን ሆነ?»

«ምንም። ማሌሽ፣ ሐቢብቲ፣ የኔ ውድ። ያላ፣ ሂጂ፤ በኋላ እመጣለሁ።»

የሻንጣውን እጀታ ያዘች። አልጎተተችውም፤ ያዘችው ብቻ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ልክ እኔ እንዳስተማርኳት፣ «ወባዕዴን?» አለችኝ።

«በኋላ በር ግቢ አለኝ» አልኳት።

«ወባዕዴን?»

«ማዳምሽ የት ናት አለኝ።»

«ወባዕዴን?» አለችና ጠበቀች።

እዚያው አስፋልት ዳር፣ ሻንጣው ላይ ተቀምጬ፣ ስለ ሱዚ ነገርኳት። ስለ ሽርጡ፣ ስለ ስድስቱ ዓመት፣ በማለዳ እገባበት ስለነበረው በር። ይህን ለተቀባዮቼ ተናግሬው አላውቅም፤ የምናገረው ሁልጊዜ የሜሮንን ነበር። አለቀስኩ። ባልዲ እንኳ የሚያስይዘኝ አልነበረም። ሪም አላባበለችኝም፤ እስክጨርስ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ጠበቀች።

ስነሣ አብራኝ ወደ ጥበቃው ሄደች። ትቆጣዋለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችውም። «በአራት ሰዓት ሥልጠና አለህ። አስተማሪህ እሷ ናት። አስካለ ትባላለች። በል ስሟን ጥራ» አለችው።

ልጁ ፊቱ ቀላ። አንድ ጊዜ አለው፣ ሳተው። ሁለተኛ አለው። በሦስተኛው አገኘው። ከዚያ ሻንጣውን ልያዝልሽ ብሎ እጁን ዘረጋ። ለማንም አልሰጥም ልል ነበር፤ ከዚያ ደረጃውን አሰብኩና «ያዘው። ብዙ ያስተምርሃል» አልኩት። ደረጃው ወገብ ላይ ሲደርስ ሲያለከልክ ከኋላው ሆነን እየሳቅን ወጣን።

ከሥልጠናው በኋላ አንሶላ ክፍል ገብቼ ለሜሮን የድምፅ መልእክት ላክሁ። «ሜሮኔ፣ ዛሬ በር ላይ እኔንም ማዳምሽ የት ናት አለኝ። እኔም ማሌሽ ብዬ ወደ ኋላው በር ዞርኩ» አልኩና ሳልጨርስ እንደዚያው ላክሁት። አንድ ደቂቃ አልቆየችም። መልሷ አንድ ቃል ነበር፤ ዝግ ብላ ነው ያለችው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ፣ የኔ ልጅ» አልኳት፣ «በዋናው በር ገባሁ።»